ግላይደሩ ብቻውን አይነሣም፦ ለምድር ቡድናችን የድጋፍ ጥሪ

ውድ የግላይደር ወዳጆች፣

ክልላዊ ውድድራችን እየደረሰ ነው። አብራሪዎች ክንፍ መወልወል ጀምረዋል፤ መዝገቡም እየሞላ ነው። እኔም አብራሪ ነኝ። ዛሬ የምለምናችሁ ግን ለአብራሪ አይደለም። አብራሪ ለራሱ አያንስም፤ አዲስ ቫሪዮሜትር (ግላይደሩ በምን ፍጥነት እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚያሳይ መሣሪያ) ካየ ገንዘቡን ከየትም ከየትም ብሎ ያመጣዋል። ልመናዬ እኛ ስንበር ምድር ላይ ለሚቀሩት ነው።

ግላይደር ሞተር እንደሌለው ሁሉም ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ቀጥ ብሎ መቆምም እንደማይችል ነው። አብዛኞቹ ግላይደሮች ሆዳቸው ሥር ያላቸው ዋና ጎማ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ሲሆኑ ወደ አንድ ጎን ያጋድላሉ፤ አንዱ ክንፍ ሣሩ ላይ ይተኛል። ለመነሣት አንድ ሰው የክንፉን ጫፍ ይዞ ቀና ማድረግ አለበት። ግላይደሩን በገመድ የሚጎትተው አውሮፕላን መንደርደር ሲጀምር ያ ሰው ክንፉን ደግፎ አብሮ ይሮጣል። ጥቂት ሜትር እንደሮጠ ነፋሱ ክንፉን ይረከበዋል። እሱም ይለቅና ተመልሶ ቀጣዩን ክንፍ ይይዛል። ከዚያ ደግሞ ቀጣዩን። ሰልፉ ላይ አርባ ግላይደር ካለ አርባ ሩጫ ነው፤ ያውም አናት በሚበሳ ፀሐይ። ግላይደሩን ወደ ላይ የሚያወጣው ሞቃት አየር፣ ቴርማል የምንለው፣ የሚነሣው ፀሐይዋ መሬቱን ስታግል ነውና አብራሪውን ያስደሰተው ሙቀት ለሯጩ ፍዳ ነው።

ክንፍ መያዝ ቀላል ሥራ ይመስላል። አይደለም። ጫፉን የያዘው ልጅ መግፋትም ሆነ መጎተት የለበትም። ትንሽ ወደ ኋላ ቢያስቀረው ግላይደሩ አፍንጫውን ያዞርና ከመስመር ይወጣል። ክንፉን ከማንሣቱ በፊትም ዞር ብሎ ሰማዩን ያያል፤ ለማረፍ የመጣ አለ ወይ? የአብራሪው የመስታወት ክዳን ተዘግቷል ወይ? ክንፉ ላይ ያለው የአየር ፍሬን ተቆልፏል ወይ? ደስ ያላለው ነገር ካለ «ቁም!» ብሎ ይጮኻል። ያን ጩኸት የሰማ ሁሉ ያቆማል። የተቀመጠው የዓለም ሻምፒዮን ቢሆን እንኳ ያ ልጅ «ቁም» ካለ ቆመ ነው። ለእኔ በሜዳው ላይ ካለው ሥልጣን ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ጀርመን አገር፣ ቫሰርኩፐ በሚባለው ተራራ ላይ የግላይደር ውድድር ተጀመረ። በእነዚያ ዓመታት ሰዎች በሁለት ወገን የላስቲክ ገመድ ይዘው ቁልቁል እየሮጡ ግላይደሩን እንደ ወንጭፍ ያስፈነጥሩት ነበር። በ1937 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደውም እዚያው ተራራ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ክንፉ ከእንጨትና ከጨርቅ ወደ ፋይበርግላስና ካርቦን ተሻግሯል። ጎታች አውሮፕላንና ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ ግላይደሩን ከምድር የሚስብ ማሽን) መጥቷል። የሚሮጠው ሰው ግን አሁንም እየሮጠ ነው።

ከሯጮቹ ጀርባ ሌሎችም አሉ። የአየር ትንበያ የሚሠራልን ሰው ከወፍ ጋር ነው የሚነሣው። በየከፍታው ያለውን ሙቀት ያያል፤ መሬቱ ስንት ዲግሪ ሲደርስ ቴርማል እንደሚጀምር፣ ደመናው ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይኑር አይኑር ያሰላል። መስመር አውጪው ከሱ ተቀብሎ የቀኑን መንገድ ይነድፋል። አንድ መንገድ ብቻ አይበቃም፤ አየሩ ከከዳ ሁለተኛ፣ እሱም ካልሆነ ሦስተኛ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። ብሪፊንግ ላይ፣ ከበረራ በፊት በሚሰጠው ገለጻ፣ ቡናችንን ይዘን ስንገባ ሁሉም ተጣርቶ ይጠብቀናል።

ወደ ሰልፉ ስንገፋ ደግሞ ሚዛን ላይ የቆመ ሰው አለ። ለፍጥነት ብለን ክንፋችን ውስጥ ውኃ እንሞላለን። ከተፈቀደው በላይ እንዳንሞላ ግላይደሩን የሚመዝነው እሱ ነው፤ ስንነጫነጭበት የሚስቀውም እሱ ነው። ገመድ የሚመረምሩም አሉ። መሬት ለመሬት የሚጎተተው የገመዱ ጫፍ ቶሎ ይላላል፤ ገመዱ ላይ የተፈጠረ አንድ ቋጠሮ ደግሞ ጥንካሬውን ክፉኛ ይቀንሰዋል። ስለዚህ በጣታቸው እየዳበሱ ያዩታል። ጎታቾቹ አብራሪዎች ያን ገመድ አምነው አንዱን ግላይደር ወደ 600 ሜትር ያወጣሉ፤ ወርደው ሌላውን ያነሣሉ። ሞተሩ ሲግል፣ ወንበሩ ሲግል፣ እነሱም ሲግሉ ይውላሉ።

እዚህ ላይ ከውድድሩ ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ላስረዳ። ሁሉም እኩል ዕድል እንዲያገኝ መነሻ መስመሩ፣ ማለትም አየር ላይ ሆነን የውድድሩን መንገድ የምንጀምርበት መስመር፣ የሚከፈተው የምድቡ የመጨረሻ ግላይደር ተነሥቶ ከፍታ ለመያዝ ጊዜ ካገኘ በኋላ ነው። ስለዚህ ምድር ላይ የባከነ ሃያ ደቂቃ የአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ አይደለም። ከሁላችንም ቀን ላይ ይቀነሳል። ጥሩ አየር ደግሞ እኛን አይጠብቅም።

ነጥብ ያዡን ሳላነሣ ባልፍ ይቀየመኛል። እያንዳንዱ ግላይደር ያለበትን ቦታና ከፍታ በየጥቂት ሰከንዱ የሚመዘግብ መሣሪያ ይዞ ይበራል። ፋይሉ ከተነካካ የሚያጋልጥ ኤሌክትሮኒክ ማኅተም አለው። ነጥብ ያዡ ማታ ማታ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ይከፍታል፤ መነሻ መስመሩ በትክክል ታልፏል? በቀኑ መንገድ ላይ ያሉት ማዞሪያ ነጥቦች ተነክተዋል? የተከለከለ የአየር ክልል ውስጥ የገባ አለ? በክልላዊ ውድድር አሮጌና አዲስ ግላይደር አብሮ ስለሚወዳደር የየዓይነቱ አቅምም በስሌቱ ይካካሳል። ቀኑ ጥሩ ከሆነ አሸናፊው 1000 ነጥብ ያገኛል፤ አየሩ ከደከመ ነጥቡም ያንሳል። ይህን ሁሉ ጨርሶ ውጤቱን ሲለጥፍ በሩ ላይ የሚጠብቀው ምስጋና እንዳይመስላችሁ። «ኧረ እኔ ማዞሪያ ነጥቡን ነክቼዋለሁ!» የሚል አብራሪ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ስለ አንዲት ጠረጴዛ ላውራ። ብሪፊንግ ክፍሉ ጥግ ላይ ናት። ስልክ፣ ካርታና የአብራሪዎች ዝርዝር ተቀምጦባታል።

ቴርማል ያጣ ግላይደር የሚደርሰው ካለው ከፍታ ተንሸራቶ በሚዘልቅበት ርቀት ብቻ ነው። ጸጥ ባለ አየር ዘመናዊ ግላይደር ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ብዙ ነው፤ ግን ያልቃል። ከፍታው ያለቀበት ሰው የታጨደ ማሳ መርጦ ያርፋል። ይህ እንደ አደጋ አይቆጠርም፤ የጨዋታው አካል ነው። እንዳረፈም ይደውላል፦ «ደህና ነኝ፤ ያለሁት እዚህ ነው።» ጠረጴዛዋን የምትይዘው ሴት ቦታውን ካርታ ላይ ምልክት ታደርጋለች። የሱን ሰዎች ፈልጋ ግላይደሩ የሚጫንበትን ተጎታች ይዘው እንዲወጡ ትነግራቸዋለች። የማሳው ባለቤት እንዲጠየቅ፣ ሰብል እንዳይረገጥ ታሳስባለች። ሰዎቹ ደርሰው ክንፉን ነቅለው፣ ተጎታቹ ውስጥ ከተው እስኪመለሱ ብዙ ጊዜ ይመሻል።

ሲመሽ ዝርዝሩን ታያለች። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ሳጥን አለ፤ ወይ «ገብቷል» ወይ «ማሳ ላይ ነው» ይላል። ባዶ ሳጥን ካለ ቤቷ አትሄድም። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው። ባትሪው ዘግቶበታል፤ ወይ ኔትወርክ የሌለበት ሸለቆ ውስጥ ነው። አንዳንዴ ደግሞ፣ የሚያናድደው ይሄ ነው፣ ሌላ ሜዳ ላይ በሰላም አርፎ፣ መደወሉን ረስቶ እራቱን እየበላ ነው። እሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ትደውላለች። የተመለሱትን «መጨረሻ የት አያችሁት?» እያለች ታጣራለች። ካስፈለገ የፍለጋ ጥሪውን የምታስጀምረው እሷው ናት። እኩለ ሌሊትም ቢሆን የመጨረሻው ሳጥን ሳይሞላ ከጠረጴዛዋ ንቅንቅ የለም።

በሽልማቱ ምሽት እነዚህን ሰዎች እንጠራቸዋለን፤ ቆመን እናጨበጭባለን። ጥሩ ነው፤ ይገባቸዋል። ግን ጭብጨባ ጥላ አይሆንም፤ የሞተ ራዲዮም አይሞላም።

የመመዝገቢያው ክፍያ የት ይሄዳል የምትሉ ትኖራላችሁ። ወደ ጎታቾቹ ነዳጅ፣ ወደ ሜዳው፣ ወደ ኢንሹራንሱ ይሄዳል። የምድር ቡድኑ ከዚያ ላይ አምስት ሳንቲም አያገኝም። እንዲያውም በራሳቸው ነዳጅ መጥተው፣ ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው ነው የሚያገለግሉን። «ደሞዝ ለምን አይከፈላቸውም?» የሚል ሐሳብም ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም። ጉልበታቸውን በሰዓት እያሰላን እንክፈል ካልን ክልላዊ ውድድር የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሀብታም ብቻ የሚበርበት ይሆናል። እነሱም ደሞዝ አልጠየቁም። የጠየቁት የሚሠሩበት ዕቃ ነው፤ ይህን መከልከል ደግሞ ነውር ነው።

ስለዚህ «የምድር ቡድን» የተባለ ቋት ከፍተናል። መጀመሪያ የምንገዛው የእጅ ራዲዮና ትርፍ ባትሪ ነው። ያሉት ራዲዮዎች አርጅተዋል፤ ከሰዓት ሲሆን አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ያኔ የመነሻው ኃላፊ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ እየተመላለሰ ይጮኻል። ቅድም ያልኩት የሃያ ደቂቃ ብክነት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀጥሎ ጥላ ነው። አሁን የመነሻ ሰዓት የሚመዘግበው ሰው የተከፈተ የመኪና በር ሥር ተቀምጦ፣ ወረቀቱን በድንጋይ ተጭኖ ነው የሚጽፈው። በአራቱም በኩል መስታወት ያለው፣ ከአንዱ የማኮብኮቢያ ጫፍ ወደ ሌላው በመኪና የሚጎተት ትንሽ ክፍል እንፈልጋለን። ነፋሱ ሲዞር መነሻውም ይዞራልና አንድ ቦታ የተተከለ ድንኳን አይሆነንም። ጆሮ መከላከያ፣ ከሩቅ የሚታይ ሰደርያ፣ ቀዝቃዛ ውኃና ሰልፉ ድረስ የሚመጣ ምሳም ከዚሁ ቋት ነው።

ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ግን ሥልጠናው ነው። ነጥብ ያዣችን አንድ ሰው ነው። ትንበያ የሚሠራውም አንድ ነው። አንዳቸው ቢታመሙ ውድድሩ ያነክሳል፤ ሁለቱም ቢታመሙ ጉድ ፈላ። ወጣቶች አጠገባቸው ተቀምጠው እንዲማሩ፣ ሌላ ውድድር ላይም ሄደው ሥራውን እንዲያዩ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ መሸፈን እንፈልጋለን። ራዲዮ በአንድ ቀን ይገዛል። ነጥብ ያዥ ግን በአንድ ቀን አይገኝም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ከአንድ ሰው ብዙ አንጠብቅም። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የአንድ ጉተታ ዋጋ ቢያዋጣ ራዲዮው ያልቃል። ቀሪውን ቀድሞ ከወጡ አብራሪዎች፣ ከቤተሰብና ሜዳው አጥር ላይ ተደግፈው ሰማይ ከሚያዩ ጎረቤቶቻችን እንጠብቃለን።

በዓይነት መስጠትም ይቻላል። የሚሠራ የአቪዬሽን ራዲዮ ያለው ያምጣ። ባለሁለት መቀመጫ ግላይደር ያለው ከውድድሩ በኋላ ለአንድ ክንፍ ያዥ አንድ በረራ ይስጥ፤ ሲሮጡ ከከረሙት ውስጥ አንድም ቀን ከላይ ሆነው ሜዳውን ያላዩ አሉ። ያገለገለ ገመድ ግን አትስጡን። ልባችሁ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ታሪኩን በማናውቀው ገመድ ሰው አንጎትትም።

ገንዘቡን የሚይዘው የውድድሩ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ ይሰጣል። ምን እንደተገዛ፣ በስንት እንደተገዛ ብሪፊንግ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ለዋንጫም ሆነ ለግብዣ አንዲት ሳንቲም አትወጣም። የተረፈ ካለ ለሚቀጥለው ዓመት ሥልጠና ይተላለፋል። ስሙ እንዲነሣ የማይፈልግ ሰው ይንገረን፤ እናከብራለን።

ተወዳዳሪዎች የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «የምድር ቡድን» በሚለው መስመር መጠኑን ጽፋችሁ ከክፍያችሁ ጋር መላክ ትችላላችሁ። ሌሎቻችሁ ሜዳው ላይ ገንዘብ ያዡን ጠይቁ። ከልምምዱ ቀን በፊት ቢደርሰን እንመርጣለን፤ ራዲዮዎቹ ተገዝተው፣ ተሞልተው፣ መፈተሽ አለባቸው።

ገንዘብ የለኝም፣ ጉልበት ግን አለኝ የምትሉ ደግሞ በልምምዱ ቀን ጠዋት ኑ። የክንፍ አያያዝ ሥልጠና ያኔ ነው። የሚያሮጥ ጫማና ኮፍያ አትርሱ።