አራት ጥሪ ዕዳ አለብኝ

ይድረስ ለወንድሜ፣

«እንዴት ከርመሃል?» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ድምፁን ያጠፋ ሰው እንዴት ከረምክ ሲል ራሱን ያሳፍረዋል። ስለዚህ ከእፍረቱ ልጀምር።

አራት ጊዜ ደውለህልኛል። ቆጥሬዋለሁ። አራቱንም ጊዜ ስልኩ አጠገቤ ነበር። የመጀመሪያውን «ቆይቼ እደውላለሁ» ብዬ ተውኩት። ሁለተኛው ላይ ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት። ሦስተኛውና አራተኛው ሲመጡ ደግሞ የፊተኞቹን አለመመለሴ በራሱ ሌላ እፍረት ሆኖ ጠበቀኝ። ከዚያ «ደህና ነህ?» ብለህ ጻፍክልኝ። ያቺ መልእክት እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለች። መልስ የላትም።

ደህና አልነበርኩም። ከሥራ ተቀንሼ ነበር።

አሁን ለምን እንደጻፍኩልህ ሳትገምት አትቀርም። ባለፈው ሳምንት አንድ የጋራ ወዳጃችንን አገኘሁት። የእናንተ ክፍል ተዘግቶ አንተም ከሥራ ከወጣህ ሦስት ወር ሊሞላህ እንደሆነ ነገረኝ። «ስልክ አያነሳም፣ ምን እንደነካው እንጃ» አለ። እኔ ግን ምን እንደነካህ ወዲያው ገባኝ። ያንን ዝምታ አሥር ወር ኖሬበታለሁ።

የኔ እንዲህ ነበር። አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የሰው ኃይል ቢሮ ጠሩኝ። ከሃያ ደቂቃ አልበለጠም። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት መሥሪያ ቤት የስንብት ደብዳቤዬ ላይ ስሜን አንድ ፊደል አሳስቶ ጻፈው። ማን ያምናል፣ ከሁሉ በላይ ያ ፊደል ነው ያንገበገበኝ። ርክክብ ላይ ካልኩሌተርና ስቴፕለር ቆጥሬ አስረከብኩ፣ ፈረምኩ፣ ወጣሁ።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ጠዋት ጠዋት ለብሼ እወጣለሁ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ እቀመጣለሁ። «ጊዜ አገኘሁ፣ ያላነበብኩትን ሁሉ አነባለሁ» ብዬ ነበር። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሰዓት እውላለሁ። በኋላ ላይ ስለ አንድ የኦስትሪያ መንደር ሳነብ ነው ብቻዬን እንዳልሆንኩ የገባኝ። ማሪየንታል ይባላል። የመንደሩ ፋብሪካ ተዘግቶ ነዋሪው ሁሉ ማለት ይቻላል ሥራ ፈትቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማሪ ያሆዳ የተባለች ወጣት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሄዳ አጠናችው። ሰዉ ከመቼውም ይልቅ ጊዜ ነበረው። ግን ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሰው መጽሐፍ ጨመረ ሳይሆን ቀነሰ። ወንዶቹ መንገድ ላይ ቀስ እያሉ፣ በየመሃሉ እየቆሙ ይሄዳሉ። ብዙዎቹ ሰዓት መያዝ ትተዋል። ሴቶቹ ግን ይፈጥናሉ፤ የቤቱ ሥራ እነሱን አላሰናበታቸውማ! ይቺን ስነግራት ባለቤቴ «ይኼን ለማወቅ ኦስትሪያ ድረስ መሄድ ያስፈልግ ነበር?» አለችኝ።

እሷ እንዴት እንዳወቀች ልንገርህ። አሥራ አንድ ቀን ደብቄያት ወር መዝጊያ ደረሰ። ታውቀኛለህ፣ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ በወር መዝጊያ ሰሞን ሳይመሽ ቤት ገብቼ አላውቅም። የዚያን ዕለት ግን ተዘናግቼ በጠራራ ፀሐይ ገባሁ። በሩ ላይ አየችኝ። ሰዓቱን አየች። «መቼ ነው የወጣኸው?» አለች። «አሁን፣ ትንሽ ቀደም ብዬ…» ስል፣ «ከሥራ ማለቴ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ቤት መዋል ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ዛሬም በዓል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም።

ይህን ሁሉ የምዘበዝብህ «ቻለው፣ እኔም ችዬዋለሁ» ለማለት አይደለም። ሲጀመር አልቻልኩትም ነበር። ደግሞም ነገሩ እውነት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሆልምስና ራሄ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የሰውን ኑሮ የሚያናጉ 43 ክስተቶችን በነጥብ ደርድረው ነበር። የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ሆኖ ከላይ ተቀመጠ። ከሥራ መባረር በ47 ነጥብ ስምንተኛ ወጣ። ሰባተኛው ምን መሰለህ? ጋብቻ! (ይቺን ለባለቤቴ አላነበብኩላትም።) እና እንቅልፍ ቢያጣህ፣ በትንሽ በትልቁ ብትቆጣ፣ ደካማ ስለሆንክ አይደለም። ሐዘን ነው። ለቀስተኛ የማይመጣበት ሐዘን።

የሚመጣውስ ምን ይላል? «ለበጎ ነው» ይላል። «ሳይደግስ አይጣላም» ይላል። ክፋት የለባቸውም፣ አውቃለሁ። ግን በሁለተኛው ሳምንት የምትሰማው «ለበጎ ነው» በጥፊ ከመመታት አይለይም። እኔ አልልህም። ለበጎ ይሁን ለክፉ ገና አይታወቅም። የኔም ቢሆን እስካሁን አልለየለትም።

ያበላሸሁትን ልንገርህ፣ ምናልባት ይጠቅምሃል። በሁለተኛው ወር ለአንድ ጥሩ ቦታ ቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። «ከቀድሞ መሥሪያ ቤትህ ለምን ለቀቅህ?» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ፣ መዝጋት አቃተኝ። አለቃዬን፣ ቅነሳውን፣ ማን በማን ዘመድ እንደተረፈ፣ ያቺን የተሳሳተች ፊደል ሳይቀር ዘረገፍኩት። መሃል ላይ ጠያቂዋ ማስታወሻ ደብተሯን ቀስ ብላ ከደነችው። እኔ ግን አላቆምኩም። ያኔ ሥራውን ያጣሁት በችሎታ ማነስ አይደለም። ቂሜን ይዤ ገብቼ ነው።

በነገራችን ላይ ይኼም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ነው፤ ፔኔቤከር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለበት። ከሥራ የተቀነሱ ባለሙያዎችን ሰብስበው አንዳንዶቹ ስለ መባረራቸው፣ በልባቸው ያለውን ሁሉ፣ ለተከታታይ ቀናት በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ እንዲጽፉ አደረጉ። ስለ መባረራቸው የጻፉት ከሌሎቹ ቶሎ ሥራ አገኙ። የሚገርመው፣ የጻፉት ሰዎች ከሌሎቹ የበለጠ አልደወሉም፣ ብዙ ማመልከቻም አላስገቡም። ተመራማሪዎቹ ቁጣው ወረቀቱ ላይ ስለቀረ ሳይሆን አይቀርም ባዮች ናቸው። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር እምብዛም አላምንም፣ ታውቀኛለህ። ግን ያቺን የተከደነች ደብተር ሳስብ ያሳምነኛል።

ስለዚህ ጻፍኩ። አምስት ቀን፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ያህል። ሦስተኛው ቀን ላይ ስድቡ አለቀብኝ። ከዚያ የወጣው ሌላ ነገር ነው፦ ፈርቼ እንደነበር። ወረቀቶቹን ቀድጄ ጣልኳቸው። ከዚያ ለዚያች ጥያቄ መልስ አዘጋጀሁ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ። «ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ የኔ የሥራ መደብ ታጠፈ። አሁን የምፈልገው እንዲህ ያለ ሥራ ነው።» ነጥብ። መስታወት ፊት፣ ባለቤቴ ፊት፣ ብቻዬን ስሄድ፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሜ አልኩት። አንተም በሐሳብህ ሳይሆን በአፍህ ተለማመደው። ጭንቅላት ውስጥ ሁሉም ሰው ጎበዝ ተናጋሪ ነው።

ስለ ሲቪ ብዙ አልልም። እኔ ያንኑ አንዱን ሲቪ ስልሳ ቦታ ላክሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ የማልመጥንበትም የማይመጥነኝም ማስታወቂያ አልቀረኝም። ከስልሳው ሁለት መልስ መጣ። በኋላ «የሒሳብ መዝገብ መያዝ» የሚለውን አወጣሁና «የወር መዝጊያ ሪፖርት ከ12 ቀን ወደ 5 ቀን ያወረድኩ» ብዬ አስገባሁ። እውነት ነው፣ አውርጄዋለሁ፣ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። አንተም እንዲህ ያለ ነገር አለህ። ካላስታወስከው አብሮህ የሠራ ሰው ጠይቅ።

ግን ሥራ ያገኘሁት በሲቪም አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዝምታዬ ዋጋ የታየኝ እዚህ ጋ ነው።

የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ በዓመት ሁለቴ የሚመጣ የውጭ ኦዲተር ነበር። ወዳጄ አልለውም። ስለ ደረሰኝና ስለ ቫውቸር ካልሆነ አውርተን አናውቅም። በዘጠነኛው ወር መንገድ ላይ ተገናኘን። «የት ጠፋህ? ስመጣ አጣሁህ» አለኝ። ያን ቀን መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር መሰለኝ፣ «ተቀንሻለሁ፣ ሥራ እየፈለግሁ ነው» አልኩት። ለሚያውቀኝ ሰው እንዲህ በግልጽ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ምንም አልመሰለውም። «አንድ ደንበኛችን የሒሳብ ሰው ለሦስት ወር ኮንትራት ይፈልጋል፣ ልጠይቅልህ?» አለ። በቃ፣ እንዲህ ነው የሆነው።

ማርክ ግራኖቬተር የሚባል የሶሺዮሎጂ ሊቅ ይህን እ.ኤ.አ. በ1973 ጽፎታል። በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን «ያን ሰው ምን ያህል ጊዜ ታገኘው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ከመቶ 17 የሚሆኑት ብቻ ናቸው «አዘውትሬ» ያሉት። የቀሩት «አልፎ አልፎ» ወይም «ከስንት አንዴ» አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እኔና አንተ የምናውቀው ሰው አንድ ነው፣ የምንሰማው ወሬም አንድ ነው። የሩቁ ሰው ግን እኛ የማንሰማውን ይሰማል።

አየህ፣ እኔ ያንን ሁሉ ወር የተደበቅሁት ከነዚህ ሰዎች ነው። በስልሳ ማመልከቻ ለማላውቃቸው ሰዎች «ሥራ የለኝም» ብያለሁ። ለሚያውቁኝ ግን አልተናገርኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትለኝ የነበረው አንተ ነበርክ እኮ!

ሰው ፊት ቀርቦ «እርዳኝ» ማለት ከባድ ከሆነብህ፣ ሥራ አትለምን። ወሬ ብቻ ጠይቅ። «እናንተ ጋ ሁኔታው እንዴት ነው? ምን ዓይነት ሰው ነው የሚፈልጉት?» ብትል ማንም አይጨነቅም፣ አንተም አታንስም። እኔ ይህን ዘግይቼ ነው የደረስኩበት።

ቀኑን በተመለከተ፣ ሙሉ ቀን ሥራ መፈለግ አይቻልም። ሞክሬዋለሁ፣ ያሳብዳል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል ፈልግ፣ ከዚያ ዝጋው። ከሰዓት ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጣ፣ የተበላሸ ነገር ጠግን፣ በእግርህ ሂድ። ዋናው ሰው የሚጠብቅህ ሰዓት መኖሩ ነው። እኔን ያቆመኝ ልጄን ማምጣቱ ነው። በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ብቀር የሚገባት ሰበብ የለኝም።

አንድ ነገር ግን ሳልቀልድ ልንገርህ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከአልጋ መነሳት ካስጠላህ፣ ምንም ነገር ካላስደሰተህ፣ ወይም «እኔ ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ያ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቅ፣ የዚያኑ ዕለት። እኔ በአምስተኛው ወር ሄጃለሁ። ቀድሜ ብሄድ ኖሮ ብዬ እቆጫለሁ። ብቻዬን መሄድ ከብዶኝ ባለቤቴ ናት ይዛኝ የሄደችው። አንተን እኔ ይዤህ እሄዳለሁ።

ኮንትራቱ ተራዝሞ አሁን ቋሚ ሆኛለሁ። ዘጠኝ ወር ሞላኝ። ደመወዙ ከድሮው ያንሳል፣ ማዕረጉም ወርዷል። አንዳንድ ቀን ይከነክነኛል፣ አልዋሽህም። ሌላ ቀን ደግሞ ወር መዝጊያ ላይ አምሽቼ ስገባ ባለቤቴ ሰዓቷን አይታ ትስቃለች።

«ሥራ ካገኘህ በኋላስ ለምን አልደወልክም?» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። ለመደወል መጀመሪያ ዝምታውን ማስረዳት ነበረብኝ። በየሳምንቱ ማብራሪያው እየረዘመ፣ እኔ እያጠርኩ ሄድኩ። ይህን ደብዳቤም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼው ነበር።

ይቅርታ አድርግልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እደውልልሃለሁ። ማንሳት ካልሆነልህ እሑድም እደውላለሁ። ስለ ሥራ ማውራት ካልፈለግህ አናወራም። አራት ጥሪ ዕዳ አለብኝ፤ አንተ ብታነሳም ባታነሳም አራቱን እከፍላለሁ። ከአራት በኋላ ግን እቤትህ መጥቼ በሩን ነው የማንኳኳው።

እና ደህና አልነበርኩም፤ አሁን ግን ይሻለኛል። ለጥያቄህ መልሱ ይኸው፣ ዘግይቶ።

አንተስ?

ያው ወንድምህ