30 ሴንቲ ሜትር ሽቦ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደብረ ብርሃን የሒሳብ መምህር ነኝ። ስለ ኮምፒውተር ስትጽፉ የምታነሡት ባለሀብቶቹን ነው፤ እባካችሁ ስለ አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ሊቅ ዶክተር ግሬስ ሆፐርም ጻፉ።

እ.ኤ.አ. በ1934 ከየል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ ቫሳር ኮሌጅ አስተማሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገብተው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረው ማርክ 1 በተባለ ኮምፒውተር ላይ ሠሩ። በ1949 ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒውተር ወደሚሠራው ኩባንያ ተሻግረው፣ በ1952 ከመጀመሪያዎቹ ኮምፓይለሮች (ፕሮግራምን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚተረጉሙ ፕሮግራሞች) አንዱን አዘጋጁ። ቀጥለው ማሽኑ በእንግሊዝኛ ቃላት እንዲታዘዝ አደረጉ፤ ኮቦል የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ከዚህ ሥራቸው ብዙ ወስዷል። በፈረንሳይኛና በጀርመንኛም እንደሚቻል ሲያሳዩ ግን አለቆቻቸው ደነገጡ።

ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር አንዲት የጠባሴ ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ በአማርኛስ?» አለችኝ። ጥያቄዋ እስካሁን አለቀቀኝም።

ሆፐር 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሽቦ እየቆረጡ ያድሉ ነበር፤ ብርሃን በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ የሚጓዘው ርቀት ነው። እኔም ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎረቤቴ የተረፈ ቀይ ሽቦ ለምኜ፣ ለ52 ተማሪዎቼ በማስመሪያ እየለካሁ ቆረጥኩላቸው። ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ ነበር፤ አንድም ልጅ ግን እጁን ኪሱ አልከተተም። ሽቦውን ዘርግተው ጫፍና ጫፉን ያያሉ።

እኚህ ሴት በ79 ዓመታቸው ከባሕር ኃይል ጡረታ ወጥተው እንኳ በአንድ ኩባንያ በአማካሪነት ተቀጥረዋል። ፎቶግራፋቸውን ብታወጡልን ክፍላችን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

የሒሳብ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን