ከመስጠታችን በፊት እሱን እንጠይቀው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ገንዘባቸውን በሕግ የተሾመ ሰው ስለሚያስተዳድርላቸው ዘመዶች ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። «መስጠት የፈለጋችሁትን ለሞግዚቱ ሰጥታችሁ ተገላገሉ» የሚል ምክር አለው። በቅንነት እንደተጻፈ አልጠራጠርም። ግን ይሄ ነገር እኔ ቤት ገብቷል፤ ምክሩ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው።

ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ ሕመም አለበት። ሕመሙ ሲጠናበት ያለውን ሁሉ ለመጣው ለሄደው እያደለ ጨረሰ። በመጨረሻ ፍርድ ቤት ንብረቱን እንድታስተዳድርለት ታላቅ እህታችንን ሾመ። እኔ ደግሞ ልጠይቀው ሄጄ ምንም ሳልሰጠው መውጣት ሆዴ አይችልም ነበር። በር ላይ ስንሰነባበት ገንዘቡን አራት ቦታ አጥፌ መዳፉ ውስጥ እሸጉጥለታለሁ። እሱም እጁን ጭብጥ አድርጎ ዞር ይላል። ለእህቴ ትንፍሽ አልልም።

ለካ ገንዘብ ሲያገኝ ብቻ ብቅ የሚል ጓደኛ ነበረው። እኔ በሄድኩ ማግስት ይመጣል፣ ይበደራል፣ ይጠፋል። ወንድሜ ገንዘቡ የድብቅ ስለሆነ መበላቱን ለማንም መናገር አልቻለም። ያንን ምስጢር የፈጠርኩበት እኔ ነኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

እህቴ በዚያው ሰሞን ለፍርድ ቤት የምታቀርበውን የዓመቱን ሂሳብ እየሠራች ነበር። ጠረጴዛው ላይ ደረሰኝ በደረሰኝ ነው። የጫማው፣ የመድኃኒቱ፣ የመብራቱ። ቀለሟ የለቀቀ አንዲት ደረሰኝ ይዛ አምፖሉ ስር ታገላብጣለች። ከዚያ ቀና ብላ «ያቺን አዲስ ጃኬት በምን ገዛት?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እሷ እኮ የእሱን ገንዘብ ከራሷ ጋር መቀላቀል አትችልም። የገባውንም የወጣውንም ማስረዳት አለባት። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷው ናት።

ስለዚህ በግልጽ መስጠት ይሻላል በሚለው እስማማለሁ። ግን ለማን? የሹመቱ ዓይነት ብዙ ነው። በፈቃዱ ውክልና የሰጠ ሰው በራሱ ገንዘብ የማዘዝ መብቱ እንዳለ ነው። ፍርድ ቤት አስተዳዳሪ የሾመለት ሰው ግን እንደ ውሳኔው ስፋት ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የጡረታና የአካል ጉዳት ክፍያ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት፣ ክፍያውን በሰውየው ፈንታ እንዲቀበል የሚሾመው ሰው ደግሞ የሚያዝዘው በዚያ ክፍያ ላይ ብቻ ነው፤ ዘመድ በሰጠው ስጦታ ላይ ሥልጣን የለውም። የሹመት ወረቀቱ ምን እንደሚል ሳይጠየቅ «ለሞግዚቱ ስጡ» ማለት ልክ አይመስለኝም።

ዘመዳችን ድጎማ የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እዚያው አሜሪካ ኤስኤስአይ የሚባለውን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ የሚቀበል ያላገባ ሰው፣ የሚኖርበት ቤትና አንድ መኪና ሳይቆጠርበት፣ ሊኖረው የሚችለው ጥሪት 2,000 ዶላር ነው። ይህ ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ፈቀቅ አላለም። በእጁ የሰጠነው ጥሬ ገንዘብ እንደ ገቢ ተይዞ የወር ክፍያውን ሊቀንስበት ይችላል። የስልክ ሂሳቡን በቀጥታ ለድርጅቱ ብንከፍልለት ግን እንደ ገቢ አይያዝበትም።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ግማሽ ወንድሜ ራሱ ነው።

አንድ ቀን አብረን ለጉዳይ አንድ ቢሮ ሄድን። ሠራተኛዋ እሱ አጠገቤ ቆሞ እያለ እኔን እያየች «መፈረም ይችላል?» አለችኝ። ወንድሜ ምንም አልተናገረም። ጆሮው ሥር ድረስ ሲቀላ ግን አየሁት። ቤት ስንገባ ሦስታችን ተቀመጥን። እኔና እህቴ ስጦታዬ በየት በኩል ይግባ እያልን ስንከራከር ቆይተን፣ እሱ «ለምን እኔን አትጠይቁኝም?» አለ። ጠየቅነው። «ፀጉሬን ስቆረጥ ራሴ ልክፈል» አለ። በቃ፣ ይቺን ነው የፈለገው። እህቴ ፀጉር ቤቱን ቀድማ ትከፍልለት ነበር፤ እሱ ተነስቶ ዝም ብሎ ይወጣል። ሌሎች ሰዎች ከፍለው ሲወጡ እያየ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የአእምሮ ሕመም የቆየባቸውንም ይጨምራል። አንቀጽ 12 የገንዘብ ጉዳያቸውን የመቆጣጠር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። የሚደረግላቸው ጥበቃም ፈቃዳቸውንና ምርጫቸውን ማክበር አለበት ይላል። እኔ ይህን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ወንድሜ ሳያነብ ያውቀው ነበር።

አሁን የምሰጠውን ለእህቴ ነግሬ፣ እሱ ባለበት፣ ተጽፎ ነው የምሰጠው። ከእሱ ላይ በየሳምንቱ ጥቂት በእጁ ይገባል። ያቺን በምን አጠፋሃት ብሎ የሚጠይቀው የለም። አልፎ አልፎ ይበላበታል፤ ግን አሁን መጥቶ ይነግረናል። ያ ጓደኛው ከቀረ ሰነበተ።

አስተዳዳሪዎችም እባካችሁ ደረሰኝ የማይጠየቅባት ትንሽ የኪስ ገንዘብ፣ ውሳኔው እስከፈቀደላችሁ ድረስ፣ ተዉላቸው። ቀላል ሸክም እንዳልተሸከማችሁ አውቃለሁ፤ የእህቴን ሌሊቶች አይቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለወንድሜ አነበብኩለት። «ስሜን አትጻፍ፤ የፀጉሩን ነገር ግን ተወው፣ ይውጣ» አለኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ