የታኅሣሥ «ግርግር» እና የግንቦት «ሙከራ»

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ሥልጣን ለመያዝ ተነሥተው ከሸፈባቸው። በግንቦት 1981 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንደሄዱ ጄኔራሎች ያንኑ ሞክረው ያው ዕጣ ገጠማቸው። የኋለኛውን ሁላችንም «የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ» እንለዋለን፤ የፊተኛው ግን በብዙ መጻሕፍትና የድረ ገጽ ማጣቀሻዎች ዛሬም «የታኅሣሥ ግርግር» ነው። «ግርግር ለሌባ ያመቻል» በሚል ሕዝብ ዘንድ ይህ ስም ገና ከርዕሱ ፍርድ ይሰጣል፤ ፍርዱም በጊዜው ያሸነፈው ወገን ፍርድ ነው። ሁለቱ ድርጊቶች በአንድ ዓይነት ስም ይጠሩ፤ ወራቸውና ዓመታቸው ይለያቸዋል።

ዓመተ ምሕረቱ ለጌጥ አይደለም። «የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት» ብቻ ሲባል አንባቢው የ1956ቱን የድንበር ውጊያ ይሁን በሐምሌ 1969 የተጀመረውን ትልቁን ጦርነት አያውቅም። የቦታ ስምም ብቻውን ያጠባል፤ «የባድመ ጦርነት» የሚለው መጠሪያ በዛላምበሳ፣ በጾረናና በቡሬ የተዋጋውን ሠራዊት ከርዕሱ ውጭ ያስቀረዋል። እኔ የምመርጠው ተፋላሚዎቹንና ዓመቱን የሚጠቅስ ርዕስ ነው፤ ለመጥራት ትንሽ ቢረዝምም።

ገለልተኛ ስም ማለት ግን የለዘበ ስም ማለት አይደለም። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥታት ማኅበር ራሱ ጣሊያን ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት እንደከፈተች ወስኗልና፣ ያንን «ግጭት» ብሎ መሰየም ከእውነቱ መሸሽ እንጂ ሚዛናዊነት ሊባል አይችልም፤ «ወረራ» እዚያ ላይ በማስረጃ የተደገፈ ቃል ነው። የሚከብደው ማብቂያውን መወሰን ነው፤ ብዙ የውጭ ማጣቀሻዎች ጦርነቱን አዲስ አበባ በተያዘችበት በ1928 ዓ.ም. ሲዘጉት፣ የአርበኞቹ ውጊያ ግን እስከ 1933 ዓ.ም. ቀጥሏል። ስለዚህ አዘጋጆች በርዕሱ ላይ ዓመት ሲጽፉ የትኛውን ማብቂያ እንደተከተሉና ለምን እንደሆነ በመግቢያው አንቀጽ ቢገልጹ ይገባል።

ሕዝቡ የለመዳቸው ስሞች መጥፋት አለባቸው አልልም። «የታኅሣሥ ግርግር» ብሎ የሚፈልግ ሰው ጽሑፉን ማግኘት አለበት፤ ስሙም በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማን እንደተጠቀመበት ተገልጾ ይቀመጥ። ርዕስ ለመሆን ግን አይበቃም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታሪክ አንባቢ