የእንግሊዝኛን ብዙ ቁጥር ከአማርኛችን ተነሥተን እናስተምር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

በባሕር ዳር እንግሊዝኛ የፈተና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጀልባ ባለቤቱ፣ አስጎብኚውና የሆቴል ሠራተኛው እንጀራ የሚበላበት ቋንቋ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የእንግሊዝኛ ስሞች ከነጠላ ወደ ብዙ ቁጥር የሚለወጡበት ደንብ ሲሰጥ፣ ተማሪው ከአማርኛ ይዞት የመጣው ዕውቀት ከደጅ መቅረቱ ስለሚያሳዝነኝ ነው።

በአማርኛ «ሦስት ጀልባ ተከራዩ»፣ «አምስት ሰው መጣ» እንላለን፤ ብዛቱን ቁጥሩ ከተናገረው ስሙ በነጠላ ቢቀር ነቃፊ የለውም። እንግሊዝኛ ግን ቁጥሩ ተነግሮም ስሙ እንዲበዛ ስለሚያስገድድ፣ «ስሪ ቦት» የሚል ወጣት አስጎብኚ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ደንብ ተከተለ እንጂ አልሰነፈም። ልዩነቱ በግልጽ ስለማይነገረው፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊታረም የሚችለው ስሕተት ለዓመታት አብሮት ይኖራል።

ከዚህ የባሰው የድምፁ ነገር ነው። «ኤስ ጨምሩ» ይባላል እንጂ ፊደሏ በሦስት ዓይነት ድምፅ እንደምትነበብ እምብዛም አይወሳም። ጣና ላይ ዘወትር የሚነገሩትን ብንወስድ፣ ጀልባዎች «ቦትስ»፣ ደሴቶች «አይላንድዝ»፣ አብያተ ክርስቲያናት «ቸርቺዝ» ናቸው። ጉሮሮ ከማይነዝርባቸው እንደ ት፣ ክና ፕ ካሉ ድምፆች በኋላ ስ፣ ከሚነዝርባቸው በኋላ ዝ፣ ከስ፣ ዝ፣ ሽ፣ ችና ጅ በኋላ ደግሞ ኢዝ ይሆናል። ተማሪው ጣቱን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ቢሞክረው በራሱ ይደርስበታል፤ ድምፆቹም በአማርኛ ስላሉ ለአንደበቱ አይከብዱትም።

ኤስ ሳይጨመር፣ እግር «ፉት» ተብሎ እግሮች «ፊት»፣ ወንድ «ማን» ተብሎ ወንዶች «ሜን» የሚባለው፣ ጥንት በብዙ ቁጥሩ መጨረሻ ይሰማ የነበረ የኢ ድምፅ የመካከሉን አናባቢ ለውጦ ራሱ በመጥፋቱ ነው። አመጣጡ ቢለያይም፣ ከግእዝ በወረስነው ደንብ «መጽሐፍ»ን «መጻሕፍት» ለምንል ለእኛ፣ የቃል ውስጡ ተለውጦ መብዛቱ እንግዳ አይደለም። «ገዳማቶች» የሚለውን ድርብ ብዜት የሚያርም መምህርም ልጆች ለማለት የሚነገረውን «ቺልድረንስ» የሚያርምበት ምሳሌ በእጁ አለ፤ እንዲያውም «ቺልድረን» ራሱ በአንድ የብዙ ቁጥር ምልክት ላይ ሌላ ተደርቦበት የተገኘ ቃል ነው።

በመረብ የወጣው ዓሣ አንድም ይሁን ብዙ «ፊሽ» ይባላል፤ ተመራማሪዎች «ፊሺዝ» የሚሉት በተለይ ስለ ተለያዩ ዝርያዎች ሲጽፉ ነው። ጣና በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከ10 በላይ የላቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ስላሉት፣ የባሕር ዳር ተማሪ ምሳሌውን ከደጁ ያገኘዋል።

ስለዚህ የቋንቋ መምህራንና አስጎብኚዎችን የሚያሠለጥኑ ተቋማት ትምህርቱን ከዚህ እንዲጀምሩ፣ ሐይቁ ዳር የሚተከሉ ሰሌዳዎችም ከመታተማቸው በፊት ለእንግሊዝኛ መምህር እንዲታዩ እጠይቃለሁ፤ የማይቆጠረው «ኢንፎርሜሽን» እንኳ ኤስ ተቀጥሎበት ተለጥፎ ይታያልና።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከባሕር ዳር