እማዬ፣ ስለ ጓሮው

እማዬ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው?

ለፋሲካ ድሬ ስመጣ ያየሁት ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ። ውሃ በመጣበት ሌሊት ተነስተሽ፣ ያን 20 ሊትር ጀሪካን እየጎተትሽ ሳሩን ስታጠጪ ነበር። ጠዋት ደግሞ በረንዳው ላይ የወጣሽው ግድግዳ ይዘሽ ነው። ስቆጣሽ "ታዲያ ጓሮዬ ይድረቅ?" አልሽኝ።

አይድረቅ እማዬ። ቡናሽን ይዘሽ እዚያ ስትቀመጪ ፊትሽ እንዴት እንደሚፈካ አውቃለሁ። ግን ልፋቱ ይቀንስ።

መጀመሪያ ሳሩ ይነሳ። ከሁሉም በላይ ውሃ የሚጨርሰው እሱ ነው፣ በድሬ ፀሐይ ጥቂት ቀን ከተረሳ ቢጫ ይሆናል። ቦታውን ጠጠር እናልብሰዋለን። ኒሙን ማንም አይነካውም፣ ከሥሩ መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር አሠራልሻለሁ።

በሳሩ ፈንታ ጊሽጣና ሮማን እንትከል። ሥር እስኪሰዱ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ ሙቀቱንም ድርቁንም ይችሉታል። ፓፓያ አንድ ይበቃናል፣ እሱም ከፍ ያለ አፈር ላይ፣ ሥሩ ላይ ውሃ ከተኛ ይበሰብሳላ። የሐረሯ አክስቴ ቡና ትከሉ ብላለች አሉ። ሐረር እኮ ከድሬ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ለእሷ የበቀለው እኛ ጋ ውሃ ስናመላልስ ነው የሚከርመው።

በየዛፉ ዙሪያ ጎድጎድ አድርገን 4 ጣት ያህል ደረቅ ቅጠልና ጭድ እናለብሰዋለን። እርጥበቱን ይይዛል። ግንዱንና የቤቱን ግድግዳ ግን አይንካ፣ ምስጥ ይጠራል። ውሃውም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከሚሆን በሳምንት አንዴ ሁለቴ እስኪጠግብ ቢጠጣ ይሻላል፣ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል፣ ላይ ላዩን ብቻ ከለመደ ግን ፀሐይ ያገኘዋል።

የሚያንጠባጥብ ቱቦ ልገዛልሽ አስቤ ነበር። ግን የድሬን ውሃ ታውቂው የለ፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ያ ነጭ ነገር ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍነዋል። ስለዚህ በየችግኙ ሥር ከታች በመርፌ የተበሳ ጀሪካን አስቀምጣለሁ። ቦታው ላይ እንዳለ በጎማ ይሞላል፣ ቀስ እያለ ያጠጣል። ሲደፈን በመርፌ ወጋ ማድረግ ነው። የልብስ እጣቢም በረኪና ከሌለበት አልፎ አልፎ ለዛፎቹ ይሆናል።

ጤና አዳሙንና በሶብላውን በብሎኬት ወገብሽ ድረስ ከፍ አድርገን እንሠራቸዋለን። ሳትጎነበሺ ትቀጥፊያለሽ።

ሰኔ ላይ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጃለሁ። ጉድጓዱን የሚቆፍር ልጅ ቀጥረን፣ የሐምሌ ዝናብ ሲገባ ተክለን እንጨርሳለን። አንቺ ወንበርሽ ላይ ሆነሽ "እዚህ፣ እዚያ" ማለት ብቻ ነው። ከጽጌረዳዎቹ የትኞቹ እንዲቀሩ እንደምትፈልጊ ግን ከአሁኑ ንገሪኝ።

እስከዚያ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ጣይና ተኚ። ሳሩን ተዪው፣ እሱ ይድረቅ።

ልጅሽ