በግሬቭሊ ፖይንት ለደረሳችሁልን ሁሉ፣ በተለይም ለጋቢው ባለቤት

ይህን ምስጋና በአማርኛ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ለልጆቹ ወላጆችና ለኮሌጁ ደርሷል። ዋናው ባለውለታዬ ግን ያንን ደብዳቤ አግኝተው ያነበቡት አይመስለኝም። ስማቸውን አላውቅም። የማውቀው አማርኛቸውንና ጋቢያቸውን ብቻ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ የአንድ ኮሌጅ የሴቶች የጀልባ ቀዘፋ ቡድን አሰልጣኝ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። አባቴ ከዘጌ ማገዶ በደንገል ታንኳ ጭነው ባሕር ዳር ገበያ ያወርዱ ነበር፤ እኔም ውኃን መውደድም መፍራትም የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ዘንድሮ በመጋቢት አጋማሽ፣ በጾሙ ወራት፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ ላይ የደረሰብንን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ላላያችሁት ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ስምንት ቀዛፊዎች የሚቀዝፏት ጀልባ ወደ 18 ሜትር ትረዝማለች፤ ወርዷ ግን ከአንድ ሰው መቀመጫ ብዙም አይሰፋም። ቀዛፊዎቹ ጀርባቸውን ለሚሄዱበት አቅጣጫ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። ወደ ፊት የምታየው መሪዋን የያዘችው ዘጠነኛዋ ልጅ፣ ኮክስ የምንላት፣ ብቻ ናት። ከነፍስ አድን ጃኬት ይልቅ የሚለብሱት ስስ የስፖርት ልብስ ነው፤ ጃኬቶቹ የሚጫኑት አሰልጣኙ በሚከተልበት የሞተር ጀልባ ላይ ነው። ጫማቸው ደግሞ ከጀልባዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቢገለበጡ ማሰሪያውን በአንድ ጊዜ ስበው እግራቸውን ማውጣት አለባቸው።

ከጆርጅታውን ተነስተን ወደ ታች ቀዘፍን። የባሕሩ ውኃ መሙላትና መጉደል በፖቶማክ ወንዝ ላይ እስከ ዲሲ ድረስ ይሰማል። ውኃው ወደ ባሕር እየሸሸ ሳለ ነፋስ ከደቡብ ከተነሳ ሁለቱ ይጋጩና አጭር፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ማዕበል ያነሳሉ። የዚያን ቀን ወንዙ ዳር ባለው ኤርፖርት አውሮፕላኖቹ ከሰሜን በኩል ወንዙን ተከትለው ሲያርፉ በዓይኔ አይቻለሁ። አውሮፕላን የሚያርፈው ከነፋሱ ጋር ፊት ለፊት ተጋጥሞ ነውና ነፋሱ ከደቡብ መዞሩን ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ። ድልድዮቹን ሳናልፍ ተመለሱ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ኮክሷም ልጆቹም የታዘዙትን ነው ያደረጉት።

ከ14ኛው ጎዳና ድልድይ በታች ወንዙ ሲሰፋ ማዕበሉ በጎን ገባ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ጀልባዋን ሞላት። እንዲህ ያለ ጀልባ ውኃ ቢሞላውም አይሰጥምና ሕጉ አንድ ነው፤ ማንም ወደ ዳር አይዋኝም፣ ሁሉም ጀልባዋን ይዞ ይቆያል። ኮክሷ ገና 19 ዓመቷ ነው። ውኃው 8 ዲግሪ ነበር። በዚያ ቅዝቃዜ የመጀመሪያውን ደቂቃ የሚያጠፋው ትንፋሽን ለመቆጣጠር የሚደረገው ትግል ነው፤ ከዚያ በኋላ እጅ የሚታዘዘው ቢበዛ ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው። እሷ ግን አገጯ እየተንቀጠቀጠ «ቁጠሩ!» አለች። እያንዳንዷ የመቀመጫዋን ቁጥር ስትጠራ ከፊት ጀምሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ተባለ። ከዚያ ዝም። ሰባት፣ ስምንት።

ያችን ዝምታ እስክሞት አልረሳትም። የስድስት ቁጥር እግር ከጫማው አልወጣ ብሎ ነበር። ሰባት ቁጥር እጇን ውኃ ውስጥ ሰድዳ ማሰሪያውን በጠሰችላት፤ ከስንት ዘመን በኋላ በሚመስል ጊዜ «ስድስት» የሚል ቀጭን ድምፅ ወጣ።

ለዘጠኙም ጃኬት አደልኩ። የእኔ ጀልባ የምትችለው አራት ሰው ብቻ ነው፤ ስድስት ቁጥርን ጨምሬ የባሰባቸውን አራት ጫንኩና ቅርብ ወደሆነው ዳርቻ፣ ወደ ግሬቭሊ ፖይንት፣ ነዳሁ። የቀሩትን አምስቱን ያወጣልን የሌላ ኮሌጅ አሰልጣኝ ነው። የራሱን ልምምድ አቋርጦ መጣልን። በሳምንቱ መጨረሻ ተጋጣሚያችን ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ወንድሜ ነው።

ግሬቭሊ ፖይንት ከኤርፖርቱ አጥር ሥር ነው። ማለዳ ማለዳ ወገኖቻችን ታክሲና ኡበራቸውን አቁመው ተሳፋሪ የሚጠብቁበት ቦታ መሆኑን አውቃለሁ። ከሩቅ በእንግሊዝኛ ጮህኩ፤ ከዚያ ሳላስበው «ኧረ ድረሱልን!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። አራት ሰዎች እየሮጡ ወረዱ። አንዱ ወጣት ከነጫማው እስከ ጉልበቱ ገብቶ የጀልባዬን አፍንጫ ያዘልኝ። ሁለቱ ልጆቹን አንድ በአንድ ተቀብለው ሞተራቸው ወዳልጠፋ መኪኖች አስገቧቸው፤ አንዱም ፔርሙዙን ከፍቶ ትኩስ ሻይ አጠጣቸው።

እርስዎ፣ ጋሼ፣ የመኪናዎን ኮፈን ከኋላ ከፍተው ጋቢ አወጡ። ከኪዳን ተመልሰው ይሁን ሊሄዱ አልጠየቅኩዎትም። ስድስት ቁጥርን ከአናቷ እስከ እግሯ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ደግፈው «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» እያሉ አምቡላንሱ እስኪመጣ አልተለዩዋትም። ልጅቷ አማርኛ አትሰማም። ግን ከሆስፒታል ወጥታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አይዞሽ ማለት ምንድን ነው?» ብላ ነው። በእንግሊዝኛ ልነግራት ሞከርኩ፤ አንድም ቃል አልበቃ አለኝ። «አይዞሽ የሚልሽ ሰው አብሮሽ ነው ማለት ነው» አልኳት።

ዘጠኙም በዚያው ቀን ማታ ቤታቸው ገቡ። እግዚአብሔር ይመስገን።

የአደጋ ሠራተኞቹን፣ ልጆቻቸውን ከቡድኑ ያላስወጡትን ወላጆች፣ ምስር ወጥና ትኩስ ሾርባ ለሁለት ቀን የላከችልንን የአሌክሳንድሪያዋን እህታችንን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ወንዝ አልወረድንም። ስንመለስ ከሁለት የሞተር ጀልባ ባነሰ አጃቢ፣ ነፋሱም ሳይለካ፣ ልምምድ እንደማይኖር ለራሴም ለልጆቹም ቃል ገባሁ።

በግንቦት መጀመሪያ ፊላዴልፊያ ሄደን በስኩልኪል ወንዝ ላይ በዳድ ቬይል ተወዳደርን። ውድድሩ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን ስሙም የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ከነበረ ሰው የተወሰደ ነው። 2,000 ሜትር ነው፤ እኛ አሰልጣኞች ዳር ዳሩን በብስክሌት እንከተላለን። ከመነሻው በፊት ልጆቹ ዝግጁ መሆናቸውን ከፊት ጀምረው በቁጥር ይናገራሉ፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ያን ቀን ግን አምስት ሲባል ትንፋሼን ያዝኩ። «ስድስት» አለች፤ ጮክ ብላ።

ሜዳሊያ አላገኘንም። ግን ስትሮቤሪ ማንሽን ድልድይን አልፈው ጉልበታቸው ሲያልቅ ኮክሷ በማይክሮፎኗ «አይዟችሁ!» ስትል ከብስክሌቴ ላይ ሰማኋት። ለብዙ ሰው ሲሆን እንዴት እንደሚባል አንድ ቀን ጠይቃኝ ነበር፤ ለምን እንደፈለገችው ግን አልነገረችኝም።

ጋሼ፣ ጋቢዎ አብሯት ሆስፒታል ሄዶ በዚያው እኛ ዘንድ ቀረ። በእጅ ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ ጀልባ ቤታችን ተቀምጧል። አረንጓዴ ጥለት አለው፤ አንዱ ጠርዙም በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል፤ ሌላ ሰው ሊያስመስለው አይችልም። ስድስት ቁጥር በገዛ እጇ ልታስረክብዎት ትፈልጋለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ጆርጅታውን ወንዙ ዳር አለን። መምጣት ባይመችዎት ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ጋቢውን ይዘን ግሬቭሊ ፖይንት እንመጣለን፤ ልጆቹ በሙሉ አብረውኝ ናቸው። ያወቃቸው ካለም እባካችሁ ይህን አንብቡላቸው።